አያ ሙሐመዲን ቤቱን እንዳያይ

ጅዳ፣ ኑዝላ
ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለም ሙኒራ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራህመቱላህ። አንቺም፣ ማዳምሽም፣ በጋሪ የምትገፊያት አሮጊቷ ሲቲም ሰላም ናችሁ ብዬ አምናለሁ። እኔ ከኑዝላ ወበቅና ከአሠሪዬ ከከፊሉ ንዝንዝ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይቅርታ የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ስላለኝ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ።

የመጀመሪያው መዘግየቴ ነው። ሜሞሪውን ከሙራድ እጅ ከተቀበልኩ ወር አልፎኛል። ስልክሽ ከጁምዓ እስከ ጁምዓ ማዳም መሳቢያ ውስጥ እንደሚከርም፣ እንዲህ ያለ ከባድ ቪዲዮም በኢንተርኔት እንደማይላክ እያወቅኩ በሙራድ ሚኒባስ አንዲት ወረቀት መስደድ አቃተኝ።

ሁለተኛው ይከብዳል። «ካሜራውን ሲቲ ጋሪ ላይ አስሬ ሐረምን የምቀርጸው ለማን ዓይን ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ለአንድ የታመሙ ሽማግሌ» ብዬ አለፍኩሽ። አልዋሸሁም፤ ስሙን ግን ዋጥኩት። ሥራውን ያዘዘኝ እዚሁ ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር የሚኖረው ያሕያ ነው፤ የአገራችን ልጅ፣ የባቲው። ሽማግሌው አባቱ ናቸው፣ አያ ሙሐመዲን።

ወረቀቱን ጨምድደሽ ከመጣልሽ በፊት ጨርሺው። አያ ሙሐመዲን ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ሐጅ ሳያደርጉ ሊሞቱ ነው ብሎ ያሕያ ፊት ላይ የሚታሰረውን መነጽር ገዝቶ ላከላቸው። መነጽሩን ያደረገ ሰው የተቀረጸው ቦታ መሐል የቆመ ያህል ነው፤ ቀና ቢል ጣሪያውን፣ ቢዞር ከኋላው ያለውን ያያል። አንቺ የቀረጽሽው ሲደርሳቸው ግን ይቆራረጣል። ጋሪውን በኮሪደሩ ስትገፊ ምሰሶውም ምንጣፉም ጥርት ብሎ ይታያል። አጥሩ ጋ ደርሰሽ ካዕባ ብቅ ሲል ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ይጠቁራል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የዚያ መነጽር አቅም ትንሽ ስለሆነ ምስሉን ዝቅ አድርጌ፣ አቅልዬ መላክ ነበረብኝ። ለሰርግ ቪዲዮ ሁልጊዜ የማደርገው ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጥሩን ልቀንስ ስል እጄ እምቢ አለኝ። የአላህን ቤት ጥራት እኔ ማን ሆኜ እቀንሳለሁ አልኩና ካሜራው የሰጠኝን እንዳለ ላክሁት። ኮሪደሩ ጭር ያለ ስለሆነ አይከብድም። ቤቱ ሲታይ ግን ያ ሁሉ ሰው አብሮ ይዞራል፤ የሚንቀሳቀሰው በበዛ ቁጥር ቪዲዮው ይከብዳል፣ መነጽሩም ይታነቃል። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ አስተካክዬ እልከዋለሁ።

ያሕያ የነገረኝን አንድ ነገር ልጨምር። አባቱ መነጽሩን አውልቀው አልቅሰዋል። ወንጀሉ የበዛ ሰው ካዕባ ፊት ቢቆምም ይሰወርበታል ሲባል ሰምተው የለ፣ «ቤቱ ዓይኔን አልፈልግም አለ» ብለዋል። የዕቃው ችግር ነው ቢላቸው አልተቀበሉትም።

ወንድምሽ ሙክታር


መካ፣ ዐዚዚያ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሙክታር፣

ወዐለይከ ሰላም። ደህና ነኝ። ሲቲም ደህና ናት፤ ካሜራው ጋሪዋ ላይ ከታሰረ ወዲህ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ሽቶ ካልቀባሽኝ ትላለች።

ወረቀቱን አልጨመደድኩትም። አራት ጊዜ አነበብኩት። «አይንቀሳቀሱም፣ አልቅሰዋል» እያልክ አንቱ ትለዋለህ። እህታችንን ሀሰናን እንደ ሰው መች ቆጠራትና ነው እሱን አንቱ የምለው?

ምናልባት ጅዳ አስረስታህ ከሆነ ላስታውስህ። እህታችንን ከባቲ አውጥቶ የባሕሩን መንገድ ያስያዛት እሱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከወር በኋላ ብቻውን ተመለሰ። ሽማግሌ ፊት ቁርኣን ላይ እጁን ጭኖ «በእጄ ጀልባ ላይ አሳፍሬያታለሁ» ብሎ ማለ። እናታችን ያን መሐላ ይዛ ዘጠኝ ዓመት ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛለች። እኔስ ለማዳም ወለል ብዬ የመጣሁ ይመስልሃል? ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ልጅ የምትሠራበትን በር ሁሉ አንኳኩቻለሁ፣ የሀሰናን ፎቶ ያላሳየኋት ሰው የለችም። በመጨረሻ አብራት የተጓዘች አንዲት ልጅ አገኘሁ። «ባሕሩ ላይ ስንደርስ ሀሰና አብራን አልነበረችም» አለችኝ፣ ከዚያ በላይ አታውቅም። ይህን ለእናቴ ደፍሬ አልነገርኳትም። ላንተ ነግሬሃለሁ።

እና አሁን በኔ እጅ፣ በውዱእ ታጥቤ በያዝኩት ጋሪ፣ የአላህን ቤት እሱ ሊያይ ነው።

አታስተካክለው። «ቤቱ ዓይኔን አልፈልግም አለ» ያለውን ሳነብ ዘጠኝ ዓመት የጠማኝን ውኃ ጠጣሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እንዲያውም ኮሪደሩ ከቀድሞው ይጥራለት። ምሰሶውን አንድ በአንድ ይቁጠር፣ ደረስኩ ይበል፣ ቤቱ ሲመጣ ይጥቆርበት። ሀሰናን የት እንዳደረጋት እስኪናገር እንደዚያ ይሁን።

ሌላም አለ። ያ ካሜራ ዙሪያውን ስለሚያይ ጋሪውን ስገፋ ከኋላ እታያለሁ። ሸፍነኝ። ያ ሰው ዞሮ ፊቴን እንዲያየኝ አልፈልግም።

ሙኒራ


ጅዳ፣ ኑዝላ
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለም ሙኒራ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ሙራድ ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ ፊቴን አይቶ «ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ። 

ሸፍነኝ ያልሽውን ሸፍኜሻለሁ። ከኋላ ያለው አሁን ጥቁር ምሰሶ ነው የሚመስለው፤ የሲቲ ትከሻና የጋሪው እጀታ ብቻ ይታያል።

ቪዲዮውንም አስተካክያለሁ። በምሠራበት የስልክ ጥገና ሱቅ ባለው መነጽር ሞከርኩት። አጥሩ ጋ ሲደረስ ቤቱ ምንም ሳይንቀጠቀጥ መጣ፣ ሰዉ እንደ ውኃ ይዞራል። ወንበሩን ትቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ደንበኛ መጥቶ ስልኩን እስኪጠይቀኝ አልተነሳሁም። ያ ሜሞሪ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አልላክሁትም። አንቺ ሥራ ያልሽውንም አልሠራሁም።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። አያ ሙሐመዲንን እኔም አልወዳቸውም። ግን ሰውየው ከአላህ የመጣ ምልክት ነው ብለው ያመኑትን እኛ ኑዝላ ውስጥ በኮምፒዩተር እንሥራላቸው? የማን ሥራ ውስጥ ነው የምንገባው? ያሕያን ደግሞ አስቢው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማው፣ ተቃጥሎ የተያዝኩ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ምግብ ያመላለሰልኝ እሱ ነው። አባቱ በሠራው ምን አደረገ?

እስክትመልሺልኝ ሁለቱንም አልነካም። እባክሽ ከሲቲ ጋር አንድ ጁምዓ ቤቱን እያየሽ አስቢበትና ጻፊልኝ።

ሙክታር


መካ
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሙክታር፣

ቤቱን እያየሁ አሰብኩበት። ሐሳቤን አልቀየርኩም።

የማን ሥራ ውስጥ ነው የምንገባው ትለኛለህ። እሱ የአላህ ቃል ላይ እጁን ጭኖ ሲዋሽ የማን ሥራ ውስጥ ገባ? ያን ቀን መሐላውን ሲጨርስ አንተ ጎንበስ ብለህ ጉልበቱን ሳምክ። «አላህ ይስጥልን፣ እህቴን አሻገርክልኝ» አልከው። በር ላይ ቆሜ አይቼሃለሁ። አልተቀየምኩህም፣ ልጅ ነበርክ። አሁን ግን ሠላሳ ሊሞላህ ነው።

ያሕያ ደግ ነው፣ አልካድኩም። ደግ ልጅ ከሆነ አባቱን «ያቺን ልጅ የት አደረግካት?» ብሎ ይጠይቀው።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ። ጥሩውን ከላክህለት ደብዳቤ አትላክልኝ፤ ሙራድ በባዶ እጁ ይምጣ፣ ይገባኛል።

ሙኒራ


ጅዳ፣ ኑዝላ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለም ሙኒራ፣

ሙራድ በባዶ እጁ አልመጣም፣ ስለዚህ የትኛውን እንደላክሁ አውቀሻል፤ ጉልበቱን የሳምኩበትን ቀን ካስታወስሽኝ ወዲህ ጥሩውን መላክ አልቻልኩም። አየር መንገድ የሚሠራው ቴዲ አዲስ አበባ አድርሶልኛል፣ ከዚያ ባቲ ያለችው የያሕያ እህት ተቀብላ በገመድ መነጽሩ ላይ ገልብጣዋለች።

እንዴት እንደሠራሁት ልንገርሽ። ኮሪደሩን አቀለልኩት፣ እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው። ቤቱ የሚታይበትን አራት ደቂቃ ብቻ ለይቼ መነጽሩ ከሚሸከመው አራት እጥፍ አከበድኩት። አንድ ሁለት ሰከንድ ጥላው ይታያል፣ ከዚያ ቀጥ፣ ከዚያ ጨለማ። ማንም ቢመረምረው ጥራቱ የበዛ ቪዲዮ ነው እንጂ የተበላሸ አይለውም። እጄ ሰው ያበላሸውን ሲጠግን ነው የኖረው። አሁን ለማበላሸት ሠራ፣ ያስጠላኝም እንከን አልባ አድርጎ መሥራቱ ነው።

ወሬውም ይኸው። አያ ሙሐመዲን «ተስተካክሏል» ሲባሉ ውዱእ አድርገው፣ ነጭ ለብሰው መነጽሩን አሳሰሩ። ጠቆረባቸው። በማግስቱ ጎረቤታቸውን አስጠርተው «የእርሻ ድንበርህን ሁለት ክንድ ገፍቼብሃለሁ» አሉት። አውፍ፣ ይቅር ብያለሁ አላቸው። መነጽሩን አደረጉ፣ ጠቆረ። ቀጥሎ በሐሰት የመሰከሩባትን አንዲት ባልቴት አስጠሩ። አውፍ አለቻቸው። መነጽሩን አደረጉ፣ ጠቆረ። ከተማው ሙሉ በራቸው ላይ ተሰልፏል ይላል ያሕያ። በየቀኑ ይደውልልኛል። «ሙክታር ወንድሜ፣ ሌላ ዘዴ የለም?» ይለኛል። «እየሞከርኩ ነው» እለዋለሁ።

ካሜራው ይሞቃል ወይ? ከሞቀ አጥፊው፣ ባትሪው እንዳያብጥ።

ሙክታር


መካ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድምዓለም ሙክታር፣

ሰላምታዬ ከመካ እስከ ኑዝላ ይድረስህ። ካሜራው ይሞቃል፣ በሲቲ የእጅ ማራገቢያ አበርደዋለሁ። እሷም የራሷ ልጅ የታመመባት ይመስል ታግዘኛለች።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሲቲ ስታንቀላፋ ነው። ሳቄን ለመያዝ ሻርፔን ነከስኩ። ሁለት ክንድ እርሻ! እኔ ወለል ጠራጊ ነኝና ይህን አውቀዋለሁ። ሰነፍ ሠራተኛ የሚታየውን ትጠርግና ቆሻሻውን ሶፋ ሥር ትገፋለች። ማዳም ስትመጣ ቤቱ ያበራል። እኛ ያለነው ሶፋው ሥር ነው። ሶፋው እስኪነሳ ድረስ ጎረቤት ሁሉ አውፍ ቢለው አይጠቅመውም።

ያሕያ ሲደውልልህ ድምፅህ እንዳይንቀጠቀጥ። ሌላ ዘዴ አለ በለው። ዘዴው አባቱ አፍ ውስጥ ነው።

ባለፈው ጁምዓ ሲቲን እየገፋሁ ሰባቱንም ዙር አንድ ዱዓ ብቻ አደረግኩ፤ እናቴን ያስጠራት ብዬ። ቂም ይዞ ጸሎት ብለሃልና ከፈለግህ ደንግጥ። በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ ለምኜ አላውቅም።

ሙኒራ


ጅዳ፣ ኑዝላ
ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣

ተቀምጠሽ አንብቢው። ሲቲን የሚይዝልሽ ሰው ካለ አስይዢ።

እናታችንን አስጠራት። መሐላውን የሰሙት ሽማግሌዎችም ነበሩ፣ በሕይወት ያሉት። ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ነው የተናገረው። ያሕያ እያለቀሰ እንደነገረኝ እጽፍልሻለሁ፣ ከራሴ አንድም አልጨመርኩም።

ሀሰና ባሕሩን አላየችም። የጅቡቲ ወደብ ኦቦክ ሊደርሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ትኩሳት ያዛት። መቆም አቃታት። ግማሹ መንገደኛ ቀድሞ ሄዷል፤ የቀሩት ጀልባው አይጠብቅም ብለው ጮኹበት። ግራር ሥር አስቀመጣት፣ ግማሽ ጀሪካን ውኃ አጠገቧ አኖረ፣ «እመለሳለሁ» አላት። ትንፋሽ ነበራት። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ተናግሯል፣ ትንፋሽ ነበራት ብሎ። ሲመለስ አራተኛ ቀኑ ነበር። በእጁ ቀበራት፣ ድንጋይ ከመረባት። ቦታውን ያውቀዋል፣ ለያሕያ በስልክ ሥሎ ልኮለታል። ጣቷ ላይ የእናታችን የብር ቀለበት ነበር፣ አልነካሁትም ብሏል። በሐሰት የማለውም ደሟን እንዳንፈልግበት ፈርቶ ነው።

ሰዉ ሁሉ እናታችንን ያያል። እሷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ግራሩ ጥላ ነበረው?» አለችው።

«ነበረው» አላት።

በማግስቱ ሰላተል ጋኢብ፣ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደው፣ ተሰግዶላታል። አላህ ይዘንላት። አላህ ለአንቺም ሶብር ይስጥሽ።

ሙክታር


መካ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሙክታር፣

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ይህን አንድ መስመር ለመጻፍ አምስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ሙራድ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ገበያ ነበርኩ። በያዝኩት የቲማቲም ከረጢት ላይ ቁጭ አልኩ። ማዳም ልብሴን አይታ ተቆጣች። ሲቲ ግን አንድም ነገር ሳትጠይቅ አልጋዋ ጠርዝ ላይ አስተኛችኝና ራሴን ያዘችልኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሩዋይስ ውስጥ የማንኳኳው በር ሁሉ ባዶ ነበር ማለት ነው። እሷ ግራሩ ሥር ናት።

ሲናገር ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አንድ ሌሊት ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም። ከዚያ «ትንፋሽ ነበራት» የሚለው መጣና ደስታዬን በላው። አሁን የምፈልገውን ልንገርህ። እስኪሞት ድረስ ቤቱን አታሳየው። ተናገርኩ ብሎ፣ ቀለለኝ ብሎ፣ ደግሞ ቤቱን አይቶ አይሞትም። እሱ ቀለለው፣ እኛ ላይ ነው የተራገፈው።

አንተ ግን ወረቀት የማታባክን ሰው ነህ፤ ዳር ዳሩ ላይ ሳይቀር ትጽፋለህ። ያ ደብዳቤህ ግማሹ ባዶ ነው። ምን ደበቅኸኝ? ጁምዓ ዕለት እናቴ ጋ ደወልኩ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ አውፍ በይኝ» ብላ ዘጋችው። እኔን ለምን አውፍ በይኝ ትለኛለች? ምን አድርጋኝ?

ሙኒራ


ጅዳ፣ ኑዝላ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለም ሙኒራ፣

ባዶውን ግማሽ አሁን እሞላዋለሁ። ያን ጊዜ ሁለት ኀዘን በአንድ ወረቀት መላክ አቅቶኝ ነው፣ ይቅር በይኝ።

የዚያን ዕለት ተናግሮ ሲጨርስ መነጽሩን አነሳ። ለራሱ አላደረገውም። «የሙኒራ እናት» አላት፤ «አንቺ ንጹሕ ነሽ። እኔ ማየት አልሆነልኝም። እስቲ አንቺ እይው፣ ቤቱ እዚህ ውስጥ በእርግጥ እንዳለ ንገሪኝ።»

እናታችን እምቢ አላለችም። በሻሽዋ ላይ አሰሩላት። ኮሪደሩ ሲጀምር ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች አሉ፣ ምሰሶውን ልትዳስስ። ከዚያ አጥሩ ጋ ደረሰች።

መነጽሩን በራሷ እጅ ፈታች፣ ማሰሪያውን አጥፋ መለሰችለት፣ ማንንም ሳትሰናበት ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትጾማለች። የረጀብ ወር ሳይገባ ነው የጀመረችው። በደም ግፊቷ ላይ፣ በውኃና በሦስት ተምር ብቻ ታፈጥራለች። የያሕያ እህት ሄዳ «የዕቃው ችግር ነው እኮ» ብትላት «ለእሱም እንደዚያ ስትሉት ነበር» አለቻት። ለጎረቤት የተናገረችውን ልጻፍልሽ። «እሱ መራት እንጂ የላክኋት እኔ ነኝ። ከእንቅልፏ የቀሰቀስኳት እኔ ነኝ፣ ስንቋን የቋጠርኩት እኔ ነኝ። ቤቱ ያውቃል» ብላለች።

ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም ይባላል። እኔና አንቺ አርቀን ቆፈርን፣ እናታችን ገባችበት።

የተስተካከለውን ሜሞሪ ዛሬውኑ ልልክ ከመሳቢያው አውጥቼው ነበር። ግን አስቢው። ይህን ሁሉ ቀን ጾማ ቤቱ ቢታያት «አላህ ማረኝ» ትላለች። ያልሠራችውን ወንጀል ሠርቼ ነበር ብላ አምና ትሞታለች። ቪዲዮው ብቻውን አያድናትም። እኛ የሠራነው መሆኑን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል። ያን ደግሞ ከነገርናት እሱም ይሰማል፣ ያሕያም ይሰማል።

እኔ ስልኩን አንስቼ ሦስት ጊዜ ደወልኩላትና ሦስት ጊዜ ስለ አየሩ አወራሁ። ምን ላድርግ?

ሙክታር


መካ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድምዓለም ሙክታር፣

አንተ ምንም አታድርግ። እኔ ተናግሬያለሁ። ከዚህ ወረቀት ጋር የተጠቀለለው ሜሞሪ ላይ ነው።

ባለፈው ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ሲቲን ይዤ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ጋሪውን አቆምኩና ጎማውን ቆለፍኩ። ካሜራውን ከኮሪደሩ ጀምሮ እንደከፈትኩት ከኋላ በቦታዬ ቆምኩ፣ ሻርፔን ከፊቴ ገለጥ አድርጌ፣ የሀሰናን ፎቶ ደረቴ ላይ በሁለት እጄ ይዤ። ጠባቂው «ያላ ሀጃ፣ ሂጂ» አለኝ። ሲቲ ዞራ በዱላዋ አባረረችው፣ እሱም ይቀረጻል፣ ተወው።

ያልኩትን ታየዋለህ፣ ግን ስታየው እንዳትደነግጥ ልጻፍልህ። እንዲህ ነው ያልኩት። «እማዬ፣ ቤቱን የጋረድኩብሽ እኔ ነኝ። የዕቃውን ድክመት አውቄ ሙክታርን አስገድጄ አበላሸሁት። አላህ ዓይንሽን አልጠላም። ስንቅ መቋጠር ወንጀል አይደለም። ዛሬውኑ ብዪ።» ከዚያ ስሙን ጠራሁ። «ሙሐመዲን፣ ያየኸው ጨለማ ምልክት አልነበረም፣ የኔ እጅ ነበር። ተታልዬ ነው የተናገርኩት ካልክ በል። ግራሩ ግን ያው ግራር ነው። ቤቱ ከፊትህ ነው፣ እየው። እኛ ከኋላህ ነን።»

አውፍ አላልኩትም። ልለው ሞከርኩ እንኳ አልልህም። ፎቶዋን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሲቲ አማርኛ አታውቅም፣ እንባዬን አይታ ዱዓ ያደረግኩ መሰላትና እጇን ዘርግታ «አሚን» አለች። ያላልኩትን ነው አሚን ያለችው። እሱንም እንዳትቆርጠው።

አሁን ሥራህን ሥራ። ቁጥሩን ዝቅ አድርገው፣ አቅልለው። የአላህ ቤት በኛ ኮምፒዩተር አይቀንስም፣ የሚቀንሰው የኛ ሜሞሪ ነው። እናቴም እሱም አንድ ዓይነት ይዩ። አንድም ቦታ እንዳይቆራረጥ፤ በተለይ ሲዞሩ። በዚህኛው አትሸፍነኝ።

ለያሕያ ከቪዲዮው በፊት አንተ በአፍህ ንገረው፣ ያ ያንተ ድርሻ ነው። በቤቱ ስም የሠራሁትን ደግሞ እኔ ከባለቤቱ ጋር እጨርሳለሁ። ሁልጊዜ ጁምዓ አጠገቡ ነኝ።

ሙኒራ


ጅዳ፣ ኑዝላ
ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለም ሙኒራ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሲቲን እጇን ሳሚልኝ። ለጠባቂውም ቢሆን ይቅርታ ጠይቂልኝ፣ ዱላው ትከሻው ላይ ሲያርፍ በሁሉም አቅጣጫ ይታያል።

ያሕያን ጃሚዓ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። በር ላይ እንደቆምኩ። ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ሰማኝና «አባቴ ዘጠኝ ዓመት፣ እናንተ ሁለት ወር» ብሎ በሩን ዘጋ። በሦስተኛው ቀን ሱቄ መጥቶ «ሜሞሪውን ስጠኝ» አለ። ሰላም አላለኝም። እስካሁንም አይለኝም። ሐቁ ነው።

ቪዲዮው አይቆራረጥም። በሱቁ መነጽር አሥር ጊዜ ዞሬ ሞክሬዋለሁ።

እናታችን አየችው። የያሕያ እህት ቤቷ ድረስ ይዛላት ሄዳ ነው። ቤቱ ሲመጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ጀመር። ከዚያ ድምፅሽን ሰምታ ዞረች። እጇን ዘርግታ አየር ላይ የሀሰናን ፎቶ ዳሰሰች፣ ቀጥሎ ያንቺን ጉንጭ። መጀመሪያ ያለችው «ሙኒራ ከስታለች፣ እዚያ ቤት አይበላም እንዴ?» ነው። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ሾርባ አሠርታ ጠጣች። መልእክትም ልካልሻለች፣ ቃል በቃል እጽፋለሁ። «በእኔ ላይ የሠራችውን አውፍ ብያታለሁ። በእሱ ላይ የሠራችውን እኔን አትጠይቁኝ።» ክረምት ሳይገባ ግራሩ ጋ ልትሄድ ነው። ያሕያ ሥዕሉን ሰጥቷታል፣ ሰውም መድቦላታል።

እሱም አይቶታል። ያልሽውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማ፣ ተታለልኩ አላለም። ለቤቱ አለቀሰ፣ ሐጅ እንዳደረገ ሰው ነጭ ለበሰ። ይህን ስትሰሚ እንደሚያምሽ አውቃለሁ፣ ግን ከእንግዲህ ምንም አልደብቅሽም ብያለሁ።

የቀረውን የያሕያ እህት ነው የነገረችኝ። አባቷ በየቀኑ መነጽሩን ያስራል። ሲያስሩለት ፊቱ ወደ ቤቱ እንዲሆን አድርገው ያስቀምጡታል፤ እግሩ ስለማይታዘዘው በራሱ መዞር አይችልም። ትንሽ እንደቆየ «አዙሩኝ» ይላቸዋል። ከነፍራሹ ይዘው ያዞሩታል። ቪዲዮው እስኪያልቅ አንቺንና የሀሰናን ፎቶ ሲያይ ይቆያል። ሲያልቅ «ድገሙልኝ» ይልና፣ ገና ኮሪደሩ ሳይጀምር «አዙሩኝ» ይላል።

ወንድምሽ ሙክታር